ናቡከደነፆር የተባለ መርከብ፣ ጽዮን የተባለች ከተማ፦ «ማትሪክስ» በእርግጥ ሃይማኖታዊ ፊልም ነውን?

የሰንበት ተማሪ (ሜሪላንድ)፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በምኖርበት በሜሪላንድ በአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት የወጣቶችን ክፍል አገለግላለሁ። አብዛኞቹ ልጆች እዚሁ ተወልደው ያደጉ ስለሆኑ አማርኛ ቢሰሙም ስንክሳር ሲነበብ መከተል ይከብዳቸዋል፤ ስለዚህ በየወሩ መጨረሻ አንድ መንፈሳዊ ፊልም እያሳየን እንወያያለን። በዚህ ወር ምርጫው ለእነርሱ ተሰጥቶ ነበርና አንድ የ17 ዓመት ልጅ «ማትሪክስ» ይታይልን አለ። እኔም ያ ፊልም የተኩስና የኮምፒውተር ታሪክ እንጂ መንፈሳዊ አይደለም ብዬ መለስኩለት። በሳምንቱ ግን ሙሉ ገጽ ጽፎ መጣ።

የጻፈውን ባጭሩ ላስቀምጥ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ይህ ፊልም የሰው ልጅ በማሽኖች ተማርኮ፣ ሰውነቱ ማሕፀን በሚመስል ዕቃ ውስጥ ተኝቶ፣ አእምሮው ግን በኮምፒውተር በተሠራ ሕልም ውስጥ የሚኖርበትን ዘመን ያሳያል። ከዚያ ሕልም ያመለጡ ሰዎች የመጨረሻ ከተማ ጽዮን ትባላለች። የሚጓዙበት መርከብ ናቡከደነፆር ይባላል። ከዋነኞቹ ተዋጊዎች አንዷ ስሟ ትሪኒቲ ነው፤ ሥላሴ ማለት ነው። ጀግናው ኒዮ እንደሚመጣ አስቀድሞ የተነገረለት ሲሆን፣ የስሙ ፊደላት ሲዘዋወሩ በእንግሊዝኛ «አንድ» የሚለውን ቃል ይሰጣሉ። ገና በመጀመሪያው ላይ አንድ ደንበኛው «ሃሌ ሉያ» ብሎ አዳኙና የራሱ ኢየሱስ ክርስቶስ እንደሆነ ይነግረዋል። ከጓደኞቹ አንዱ አሳልፎ ይሰጣቸዋል። ኒዮ በጥይት ተመትቶ ይሞታል፣ ይነሣል፣ በመጨረሻው ትዕይንትም ወደ ሰማይ ይወጣል። በመርከቡ ላይ የተለጠፈው የብረት ጽሑፍ «ማርክ 3 ቁጥር 11» የሚል ሆኖ ስላገኘው ልጁ ወንጌሉን ገልጦ ማርቆስ 3፥11ን አነበበ፤ እዚያም ርኩሳን መናፍስት ባዩት ጊዜ በፊቱ ተደፍተው «አንተ የእግዚአብሔር ልጅ ነህ» እያሉ እንደ ጮኹ ተጽፏል። ፊልሙ ለሕዝብ የቀረበው እንኳ ከምዕራባውያን ፋሲካ አራት ቀን ቀደም ብሎ መሆኑን አጣርቶ ጽፎልኛል።

ይህን ሁሉ አንብቤ ቶሎ መልስ መስጠት አቃተኝ። አንድ የተወደደ ፊልም በውስጡ ይህን ያህል የቅዱሳት መጻሕፍት ስምና ምልክት ስላለበት ብቻ ሃይማኖታዊ ይሆናልን? ካልሆነስ ልጁን ሳላሳዝን፣ ፍለጋውንም ሳላዳፍንበት ምክንያቱን እንዴት ላስረዳው?

የሸማኔ ልጅ (አዲስ አበባ)፦

ሰላም ወንድሜ። የልጁ ትጋት የሚያስመሰግን ነው፤ የእኔ መልስ ግን «አይሆንም» የሚል ነው። ምክንያቴን ከማውቀው ሙያ ልጀምር። ሽሮ ሜዳ አባቴ ሸማ ከሚሠራበት ጉድጓድ አጠገብ ነው ያደግሁት። አባቴ በነጠላ ጥለት ላይ የማይሠራው የመስቀል ዓይነት አልነበረም። ያንኑ ነጠላ ግን እናቶቻችን ለቤተ ክርስቲያን መስቀለኛ ያጣፉታል፣ ለልቅሶ ጥለቱን ወደ ፊታቸው አዙረው ይለብሱታል፣ ለሠርግ ደግሞ ትከሻቸው ላይ ጣል ያደርጉታል። መስቀሉ በሦስቱም ቦታ ያው ነው፤ ነጠላውን የጸሎት ልብስ የሚያደርገው አለባበሱና የለበሰችው ሴት የወጣችበት ጉዳይ ነው። ከዚህም ሌላ ጥለቱን ክር በክር ብንመዘው ነጠላው ነጠላ ሆኖ ይቀራል፤ ድሩን ብንመዘው ግን ጨርቅ የሚባል ነገር አይተርፍም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ፊልም ሲገጥመኝ ሃይማኖቱ ያለው በጥለቱ ነው ወይስ በድሩ ነው ብዬ እጠይቃለሁ።

እስቲ ስሞቹን እንምዘዛቸው። ጽዮንን ሌላ ስም ብንሰጣት በመጀመሪያው ፊልም አንድም ነገር አይለወጥም፤ እንዲያውም ከተማዋ በዚያ ፊልም በስም ትጠራለች እንጂ አንድ ጊዜ እንኳ አትታይም። ለእኛ ጽዮን ስንል አክሱም፣ ታቦቱ፣ ኅዳር 21 አብረው ይመጣሉ፤ እዚያ ግን ከስሙ ጋር የሚመጣ ነገር የለም። ትሪኒቲም ብትሆን ደፋርና ታማኝ ተዋጊ ናት፤ በምታደርገው ነገር ውስጥ ግን ስለ ሦስትነትም ሆነ ስለ አንድነት የሚናገር ነገር አላገኘሁም።

ከሁሉ ይልቅ የከበደኝ የመርከቡ ስም ነው። ናቡከደነፆር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ኢየሩሳሌምን ያፈረሰ፣ የጽዮንን ልጆች ወደ ባቢሎን ያፈለሰ ንጉሥ ነው። በእኛ አገር ስሙን የማያውቅ የለም፤ በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀን ቁልቢም ሆነ በየደብሩ የሚሰበሰበው ሕዝብ የሚያስበው እርሱ ካነደደው እቶን ሠለስቱ ደቂቅ በመልአኩ በቅዱስ ገብርኤል እንዴት እንደ ዳኑ ነው። የጽዮን ጠባቂዎች ጽዮንን ባፈረሰው ንጉሥ ስም በተሰየመ መርከብ ሲሳፈሩ፣ የፊልሙ ሠሪዎች የወሰዱት የስሙን ግርማ እንጂ ታሪኩን አይደለም ብዬ ለማመን እገደዳለሁ።

ፊልም አጥኚ (አዲስ አበባ)፦

የወንድማችን ምሳሌ ውብ ነው፤ በናቡከደነፆር ላይ የደረሱበት ፍርድ ግን የቸኮለ ይመስለኛል። ንጉሡ በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3 እቶኑን ከማንደዱ በፊት በምዕራፍ 2 ሕልም አይቶ መንፈሱ የታወከበት፣ ሕልሙንና ፍቺውን ካልነገራችሁኝ ብሎ ጠቢባኑን ሁሉ ያስጨነቀ ሰው ነው። የሰው ዘር በሙሉ በሕልም እንደ ታሰረ የሚናገር ፊልም መርከቡን በዚህ ሕልመኛ ንጉሥ ስም መጥራቱ ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ሁለተኛ ክፍል መርከቡ ሲወድም አለቃው ሞርፊየስ ቆሞ እያየ፣ ሕልም አልሞ እንደ ነበርና ያ ሕልም አሁን ከእርሱ እንደ ሄደ ይናገራል፤ ቃሉ ከዳንኤል 2 የተቀዳ ነው። በዚያው ክፍል የጠላቱ የስሚዝ መኪና ሰሌዳ ወደ ኢሳይያስ 54፥16 ይመራል፤ ጥቅሱ ፍም በወናፍ የሚያናፋውን ብረት ሠሪ እግዚአብሔር እንደ ፈጠረው የሚናገር ሲሆን፣ ስሚዝ ማለትም በእንግሊዝኛ አንጥረኛ ማለት ነው። ይህን ያደረጉ ሰዎች መጽሐፉን ከፍተው እንዳነበቡ ግልጽ ነው።

ደግሞም ሁሉም ነገር ጥለት አይደለም። ስሞቹን ብንመዛቸው እንኳ የሚቀረውን እንይ፤ የተነገረ ተስፋ አለ፣ ተስፋውን እየጠበቀ መንገድ የሚያዘጋጅ ሰው አለ፣ አሳልፎ የሚሰጥ ወዳጅ አለ፣ ሞት አለ፣ ከሞት መነሣት አለ። ይህን ብንመዘው ፊልሙ ራሱ ይፈርሳል። ታዲያ በራስዎ ሚዛን ይህ ድር አይደለምን?

የቪዲዮ ቤት ሠራተኛ የነበረ (ደሴ)፦

አጭር ትዝታ ልጨምር። ፊልሙ ወደ እኛ በደረሰበት ዘመን በቪዲዮ ቤት እሠራ ነበርና «ማትሪክስ»ን ያስቀመጥነው በአክሽን መደርደሪያ ላይ ነበር። በአማርኛ የተመለሰውን የኢየሱስን ፊልም ደግሞ በሰሙነ ሕማማት የሚከራይ ሰው ተራ እየጠበቀ ይወስደው ነበር። «ማትሪክስ»ን ለሕማማት ፈልጎ የመጣ ሰው አላስታውስም። ሕዝቡ መደርደሪያውን በልቡ የለየው ይመስለኛል።

የቅኔ ቤት ልጅ (ጎንደር)፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ፊልም አጥኚው ያነሡት ጥያቄ መልስ ሊሰጠው የሚገባ ነው፤ እኔም የምመልሰው ከቅኔ ቤት በተማርኩት ነው። ተማሪ ቅኔ ቆጥሮ ለየኔታ ሲነግር፣ የኔታ ቃላቱ ማማራቸውን ብቻ አያዩም። ሰሙና ወርቁ በአንድ ማሰሪያ መታሰር አለባቸው፤ ሰሙ የሚሞት ከሆነ ወርቁም በዚያው ግስ መሞት፣ ሰሙ የሚነሣ ከሆነ ወርቁም መነሣት አለበት። ሰሙ አምሮ ወርቁ ሌላ አገር የሄደ እንደሆነ ቅኔው ይመለሳል፤ ተማሪውም እንደገና ሊቆጥር ይሄዳል። ስለዚህ በዚህ ፊልም ሰሙ የክርስቶስ ታሪክ ቢመስልም፣ የማዳኑ ታሪክ የታሰረበት ግስ ምንድን ነው የሚለውን መጠየቅ ይገባናል።

በፊልሙ ሰው የጠፋው በምንድን ነው? ባለማወቅ ነው። የሚድነውስ? በመንቃት፣ እውነቱን በማወቅ ነው። ኒዮ ሞትን ያሸነፈውም ስለ ሌሎች ራሱን በመስጠቱ ሳይሆን የሚያየው ዓለም ኮምፒውተር የጻፈው መሆኑን አጥርቶ ባየ ጊዜ ነው። የማመን ነገር በፊልሙ ደጋግሞ ይነሣል፤ ነገር ግን «ማንን?» ብለን ብንጠይቅ መልሱ «ራሱን» የሚል ነው። በወንጌል ግን ግሱ ወደደ፣ ሰጠ፣ ይቅር አለ የሚል ነው። ጥቂቶች በስውር ዕውቀት ነቅተው ከሐሰተኛ ዓለም ያመልጣሉ የሚለው ትምህርት አዲስ አይደለም፤ በሁለተኛው መቶ ዘመን ግኖስቲኮች የተባሉት ያስተማሩት፣ የሊዮኑ ሄሬኔዎስም መጽሐፍ ጽፎ የተከራከረው ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነው። ስለዚህ ፊልሙ ሃይማኖት የለበትም አልልም፤ ያለበት ግን ስሞቹ የሚመሰክሩት ሃይማኖት አይደለም።

ከዚህም በላይ ምንጮቹ የተቀላቀሉ ናቸው። ሞርፊየስ የግሪኮች የሕልም አምላክ ስም ነው። ትንቢት የምትናገረው ሴት ኩሽና በር ላይ በላቲን «ራስህን ዕወቅ» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ቃሉ ከግሪኮች የመጣ ነው። ማንኪያ በዓይኑ የሚያጣምመውና ማንኪያው የለም የሚለው ልጅ ትምህርቱ ወደ ቡድሃ ያዘነብላል። ኒዮ ዲስኮቹን የሚደብቅበት ውስጡ የተቦረቦረ መጽሐፍ ደግሞ የፈረንሳዊው ፈላስፋ የዣን ቦድሪያር ነው። በሁለተኛው ክፍል ማትሪክስን የሠራው «አርክቴክት» የተመረጠው ሰው ትንቢት ራሱ ማሽኖቹ ሰውን ለመቆጣጠር ያዘጋጁት ሥርዓት መሆኑን ለኒዮ ይገልጥለታል። ፊልም አጥኚው ድር ነው ያሉትን ተስፋ የፊልሙ ሠሪዎች ራሳቸው በተከታዩ ክፍል መዘዙት ማለት ነው። እኔን ከሁሉ በላይ ያሳመነኝ ይህ ነው።

ዘይነብ ከሻርጃ፦

አሰላሙ ዓለይኩም፤ ለክርስቲያን ወንድሞችና እኅቶችም ሰላም ይሁን። ከእናንተ ሃይማኖት ውጭ ብሆንም ጥያቄው የጋራችን ስለሆነ ሐሳቤን ላካፍል። በ2003 የግብፅ ሳንሱር የ«ማትሪክስ»ን ሁለተኛ ክፍል ከለከለ፤ ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ ፊልሙ ስለ ፈጣሪና ስለ ፍጥረት ጉዳይ በግልጽ የሚናገር መሆኑ ነበር። ስለዚህ ፊልሙን ሃይማኖታዊ ነው ብለው የሚያወድሱት ብቻ ሳይሆኑ የከለከሉትም ጭምር ከቁም ነገር ወስደውታል። ይሁን እንጂ ሃይማኖትን የሚነካ ፊልም ሁሉ ሃይማኖታዊ ነው ማለት አይቻልም።

ለእኔ ልዩነቱን ያስተማረኝ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው የሙስጠፋ ዓቃድ «አር ሪሳላ» ነው። ስለ ነቢዩ ሙሐመድ፣ ሰላም በእርሳቸው ላይ ይሁን፣ የተሠራ ረጅም ፊልም ሆኖ ሳለ ነቢዩ በአንድ ትዕይንት እንኳ አይታዩም፤ ድምፃቸውም አይሰማም። ሰዎች ሲያናግሯቸው ካሜራው በእርሳቸው ቦታ ይቆማል፣ እኛም ተናጋሪውን ብቻ እናያለን። ይህን ያደረገው የካሜራ ብልሃት ፈልጎ አይደለም፤ እምነቱ ምስላቸውን ማሳየት አይፈቅድም፣ ፊልሙም ታዘዘ። ዋናውን ሰው ማሳየት የማይችል ፊልም ለመሥራት መስማማት ለአንድ ዳይሬክተር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አስቡት። የእምነቱ ሕግ ፊልሙን ከውስጥ ቀርጾታል። ማትሪክስን ግን የትኛውም የእምነት ሕግ እንዲህ አድርግ ወይም እንዲህ አታድርግ ብሎ አልገታውም፤ የሚያምረውን ሁሉ ከየሃይማኖቱ ወሰደ፣ ለአንዱም አልታዘዘም።

በዚያው ፊልም የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ወደ ሐበሻ ምድር መጥተው ጃዕፈር በነጃሺ ፊት የመርየምን ምዕራፍ ሲያነብ የሚያሳይ ክፍል አለ። የንጉሡን ዓይን እያየሁ ሁልጊዜ አለቅሳለሁ፤ አገሬ ስለሆነ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ በዚያ አዳራሽ የሚነበበው ቃል ለሚሰማው ሰው እውነት ስለሆነ ነው።

የሁለት ልጆች እናት (ሚኒያፖሊስ)፦

እኅቴ ዘይነብ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። እኔ ወደ ሰንበት ተማሪው ጥያቄ ልመለስ፤ ምክንያቱም ፊልሙ የሚታየው በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ በልጆች ፊት ነው። ይህ ፊልም አሜሪካ ውስጥ በአመፅ ትዕይንቶቹ ምክንያት ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ በሲኒማ ቤት እንዳያየው ተወስኖበታል። ጠያቂው ልጅ 17 ቢሞላውም ከእርሱ ጋር የሚቀመጡት ሁሉ አልሞላቸውም። ይህ ለወላጆች ሳይነገር ሊታለፍ አይገባም።

ከዕድሜው ገደብ በላይ ግን የሚያስጨንቀኝ አንድ ክፍል ነው። ኒዮና ትሪኒቲ ጓደኛቸውን ለማስፈታት ወደ አንድ ሕንፃ ሲገቡ ጥበቃዎቹን በሙሉ በጥይት ይጥሏቸዋል። ሙዚቃው ያማረ፣ ድንጋዩ የሚበተነው እንደ ጭፈራ የተቀናበረ ነው። ነገር ግን ፊልሙ ራሱ አስቀድሞ እንደ ነገረን እነዚያ ጥበቃዎች በሕልሙ ውስጥ የታሰሩ ሰዎች ናቸው፤ በሕልሙ የሞተም በእውነት ይሞታል። እንግዲህ አዳኝ የተባለው ሰው ሊያድናቸው የመጣውን ምርኮኞች እየገደለ ይገባል ማለት ነው፤ ፊልሙም ስለ አንዳቸው እንኳ አያዝንም። ልጄ ይህን ከክርስቶስ ጋር እንዲያመሳስለው አልፈልግም። በጌቴሴማኒ ጴጥሮስ ሰይፍ መዝዞ ጆሮ በቆረጠ ጊዜ ጌታ ያደረገው ጆሮውን መፈወስ ነበር። ትንሣኤ የሚመስል ነገር ማሳየት ቀላል ነው፤ ጠላትን መውደድ የሚመስል ነገር ግን በዚያ ፊልም የለም።

ፊልም አጥኚ (አዲስ አበባ)፦

የሁለት ልጆች እናት ያሉትን ደጋግሜ አነበብኩት። ያንን ትዕይንት ለብዙ ዓመታት ስለ አሠራሩ ብቻ አደንቀው ነበር፤ የወደቁት ሰዎች እነማን እንደ ሆኑ አስቤበት አላውቅም። በዚህ ነጥብ ተረትቻለሁ፤ የቅኔ ቤቱ ወንድማችን ስለ ሁለተኛው ክፍል ያነሡትም ትክክል ነው።

ሆኖም ውይይቱ ወደ አንድ ሌላ ስሕተት እንዳይሄድ እሰጋለሁ፤ ይኸውም ፊልምን ሃይማኖታዊ የሚያደርገው የሠሪው እምነት ነው ወደሚለው። ጣሊያናዊው ፒየር ፓኦሎ ፓዞሊኒ አማኝ አልነበረም፤ ማርክሲስት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ግን የማቴዎስን ወንጌል በፊልም ሠራ፣ ሙያ የሌላቸውን ተራ ሰዎች ተዋናይ አደረገ፣ ያረጀችውን ማርያም ሆና የታየችውም የገዛ እናቱ ነበረች። ንግግሩን ከወንጌሉ ቃል እንዳለ ወሰደ፤ ፊልሙንም ለርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛ መታሰቢያ አደረገው። ቫቲካን ሲኒማ 100 ዓመት በሞላው ጊዜ፣ በ1995፣ ባወጣችው የ45 ፊልሞች ዝርዝር በሃይማኖት ክፍል ከተካተቱት 15 ፊልሞች አንዱ ይህ ነው። ባያምንበትም ቃሉን በራሱ አልተካውም።

በዚያው ክፍል ውስጥ የዴንማርኩ «የባቤት ግብዣ» አለ፤ የ1987 ፊልም ነው። ከፓሪስ የተሰደደች አንዲት ወጥ ቤት በሎተሪ የደረሳትን 10,000 ፍራንክ ለአንድ እራት ታወጣዋለች፤ በማዕድ የተቀመጡት 12 ሰዎች ዓመታት የቆየ ቂማቸውን ሳያውቁት ይተዉታል። ከሰማይ የሚወርድ ነገር የለም። ፊልሙን ከ55 ቀናት የሁዳዴ ጾም በኋላ በቀረበ ማዕድ ፊት የተቀመጠ የአገሬ ሰው ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል ብዬ አስባለሁ።

የሸማኔ ልጅ (አዲስ አበባ)፦

በናቡከደነፆር ሕልም ጉዳይ ፊልም አጥኚው አርመውኛል፤ ስለ ስሙ አመራረጥ የሰጠሁት ፍርድ ፈጥኖ ነበር፣ እቀበላለሁ። አሁን የሚጨምሩት የባቤት ምሳሌ ደግሞ በማትሪክስ ላይ ያላስተዋልኩትን አንድ ነገር አሳየኝና ትናንት ማታ ፊልሙን እንደገና አየሁት።

ልጁ በገጹ ላይ አሳልፎ የሚሰጠው ሳይፈር ይሁዳን ይመስላል ብሎ ጽፏል። ነገር ግን ሳይፈር ብር አልተቀበለም። በአንድ ምግብ ቤት ከጠላቱ ጋር ተቀምጦ ጥብስ ሥጋ ይቆርጣል፤ ሥጋው እውነተኛ እንዳልሆነ፣ ማሽኑ አእምሮውን ጣፋጭ ነው እያለ እንደሚነግረው ያውቃል፣ ይህንንም በአፉ ይናገራል፤ ከዚያ ጎርሶ ዓይኑን ይጨፍናል። የሚጠይቀው ዋጋ እንደገና ወደ ሕልሙ እንዲመልሱት፣ ሀብታምና ታዋቂ እንዲያደርጉት፣ ነቅቶ እንደ ነበረም ምንም እንዳያስታውስ ነው። ከመርከቡ ላይ በየቀኑ የሚበላው ገንፎ መሰል ነገር ሰልችቶታል።

ይህን ሳይ ትዝ ያለኝ ይሁዳ ሳይሆን ኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 16 ነው። እስራኤል ከባርነት ወጥተው በምድረ በዳ ሳሉ በግብፅ በሥጋው ምንቸት አጠገብ ተቀምጠን እስክንጠግብ በበላን ጊዜ ምነው በሞትን ኖሮ ብለው አንጎራጎሩ። ነፃ የወጣ ሰው የባርነቱን ወጥ ሲናፍቅ ከዚህ የበለጠ ግልጽ አድርጎ ያሳየ ፊልም አላውቅም። በዚያ ትዕይንት ጽዮን አይባልም፣ ሥላሴ አይባልም፣ ጥቅስ የለም፣ የመስቀል ምልክት የለም። ሠሪዎቹ ስለ ምድረ በዳው ማሰባቸውን ወይም አለማሰባቸውን ማወቅ አያስፈልገኝም። እዚያ ግን ድሩን ነካሁት። ፊልሙን በሙሉ ሃይማኖታዊ ነው አልልም፤ በውስጡ ግን አንድ የጾም ትምህርት ያለበት ትዕይንት አለ፣ ያም ስም ያልተለጠፈበት ነው።

የቅኔ ቤት ልጅ (ጎንደር)፦

ይህ መልካም ንባብ ነው። ሰሙ ጥብስ ሥጋ፣ ወርቁ የግብፅ ምንቸት፣ ማሰሪያውም «ናፈቀ» የሚለው ግስ ነው። የኔታ ይህን ይቀበሉት ነበር።

የሰንበት ተማሪ (ሜሪላንድ)፦

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። የጻፋችሁትን በሙሉ ከልጁ ጋር ሆነን አነበብን፤ አማርኛው ሲከብደው እያቆምኩ በእንግሊዝኛ ነገርኩት። ስለ ጥበቃዎቹ የተጻፈውን ሲሰማ እንደ ፊልም አጥኚው ሁሉ ዝም አለ። ስለ ነጠላው ሲሰማ እናቱ ለቅዳሴና ለልቅሶ እንዴት እንደምትለብስ አስታወሰ፤ ልዩነቱ ምክንያት እንዳለው ግን እስከዚያ ቀን አላወቀም ነበር።

የወሰንነው እንዲህ ነው። ፊልሙ በሙሉ አይታይም፤ ወላጆችን ካስፈቀድን በኋላ የምግብ ቤቱን ትዕይንት ብቻ እናሳይና ዘፀአት 16ን እናነባለን፤ ከዚያ ደግሞ ስለ መርከቡ ስም ትንቢተ ዳንኤል 2ንና 3ን እናነባለን። ውይይቱን የሚመራው ራሱ ይሆናል። ለዝግጅት ምዕራፍ 3ን አብረን ስናነብ ሠለስቱ ደቂቅ ለንጉሡ የመለሱለት ቃል ላይ ደረስን፤ አምላካችን ከሚነድደው እቶን ሊያድነን ይችላል ካሉ በኋላ «እርሱ ባያድነን» እንኳ አማልክትህን አናመልክም ይላሉ። ልጁ አንብቦ አቆመና፣ ኒዮ ወደ አደጋው የገባው ሊሆን የሚችለውን ከትንቢት ሴቲቱ ሰምቶ ነው፣ እነዚህ ግን እንደሚድኑ ማንም ሳይነግራቸው ነው ወደ እሳቱ የገቡት አለኝ። ከዚያም ያቺን ዐረፍተ ነገር በገጹ ጀርባ በአማርኛ ፊደል ቀስ ብሎ ገለበጣት፤ ሁለት ጊዜ ተሳስቶ ሦስተኛው ላይ አስተካከላት። ጉባኤው የወሩ መጨረሻ እሑድ ነውና የሆነውን እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።